ስክሪኑን ትታችሁ ፊውዙን እዩ

የሽንኩርትና የሩዝ ዋጋ እንደተለመደው ማታ እለቃለሁ። አሁን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን የመኪና ቴፕ ጉዳይ ልመልስ። ከሥራችንም ብዙ አይርቅም። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከታገደ ወዲህ ያለችንን አሮጌ መኪና እየጠገንን ነው የምንነዳው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ ደግሞ ቴፑ ከዶላር ጋር ይወጣል፣ የፎገራ ሽንኩርት ግን አብሮ አይወጣም። ተሳስቶ መግዛት ያስከፍላል።

እኔ ከፍያለሁ። አይሱዙዬ ላይ ባለ ትልቅ ስክሪን አንድሮይድ ቴፕ አስገጠምኩ። መኪናው 24 ቮልት ነው፣ ቴፑ 12። ገጣሚው ቮልቱን የሚያወርድ ኮንቨርተር ማስገባት ሲገባው ከሁለቱ ባትሪዎች ካንዱ ብቻ መስመር ሳበ። "ችግር የለውም" አለኝ። አለው እንጂ! ቴፑ የሚጠባው ባትሪ ሁሌ ጎዶሎ ነው፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይሞታሉ። ዓለም በር ላይ ሩዝ ጭኜ አድሬ ጠዋት አልነሳ ሲለኝ ነው የገባኝ።

ስክሪኑስ ቢሆን ያለ ኢንተርኔት ምን ያደርጋል? በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት ዋጋ የተለዋወጥነው በስልክ ጥሪ ነው፣ ወሬ የሰማነው በሬዲዮ። ሬዲዮ ካልኩ አይቀር፣ ከጃፓን መኪና የተፈታ ቴፕ ረከሰ ብላችሁ አትቸኩሉ። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ነው፣ አዲሱም ቢሆን እስከ 95። ባሕር ዳር ኤፍኤም 96.9 ነው፤ ያለ መቀየሪያ አይዘውም።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋትማ ተዉት። "4 ጊዜ 60" ይላል፣ 240 ዋት ማለት ነው። ከኋላ ያለውን ፊውዝ እዩ። 10 አምፔር ከሆነ፣ ሞተር ተነስቶ 14 ቮልት ሲመጣ ጣሪያው 140 ዋት ነው፣ ከዚያም ላይ ብዙው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጆንያ ላይ በተጻፈ ኪሎ እህል የሚገዛ አለ እንዴ? ሚዛን ላይ አውጡት እንጂ።

ለኛ ሥራ ዋናው ብሉቱዙና ማይኩ ነው። ደላላው የሚደውለው እየነዳን ነው፣ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ደግሞ ያስቀጣል። ማይኩ ለብቻው ገመድ ያለው ይሁን፣ ከራሳችሁ በላይ ይሰቀል። ቴፑ ውስጥ ያለው ማይክ የአይሱዙን ሞተር ድምፅ ነው ለሰው የሚያሰማው፤ "15" ስትሉ "50" ተሰምቶ ብትጣሉስ?

አሁን ያለኝ ጠባቡና ተራው ነው፣ ድምፁ በሚዞር ቁልፍ የሚስተካከል። ወደ ርብ ማሳዎች በሚወስደው ኮረኮንች ላይ አቧራ የለበሰ ስክሪን በጣት መፈለግ ቀረልኝ። ስክሪን ለኋላ ካሜራ ይጠቅማል የምትሉኝ አላችሁ፣ አልክድም። ለሱ ግን ረዳት አለኝ።