ልዩ ሙያ ከመምረጥ በፊት

በክሊኒካል ሳይኮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የጀመሩ ወጣቶች ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት አንሥቶ «ከሕፃናት፣ ከአረጋውያን፣ ከሱስ፣ ከፍርድ ቤትና ከአንጎል ጉዳት የትኛው ዘርፍ ይሻላል?» እያሉ ይመካከራሉ። የዘርፉ ስም ሲጠራ ለጆሮ እንደሚጥም አይካድም፤ ነገር ግን በአብነት ትምህርት ቤታችን ጾመ ድጓን ሳይዘልቅ ወደ ድጓ የሚገባ ደቀ መዝሙር እንደሌለ፣ ለድጓ ምስክርነት ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አባ የሚወርደውም ንባቡን ካደላደለ በኋላ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ሕማመ ነፍስን ሊመረምር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ በደጁ የመጣውን ሁሉ ያለ ምርጫ መስማት ሊለምድ ይገባዋል።

አሜሪካኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕክምና የሚሻው ተመላሽ ወታደር በበዛባቸው ጊዜ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1949 በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ ተሰብስበው፣ ሠልጣኙ ተመራማሪም አካሚም እንዲሆን ወሰኑ። የአንጎል ጉዳትን የሚመለከተው የኒውሮሳይኮሎጂ ዘርፍ ልዩ ሥልጠና መመሪያ በሂዩስተን ጉባኤ የተሰናዳው ግን በ1997 ነው፤ እርሱም ቢሆን ጠቅላላውን ዕውቀት አስቀድሞ፣ ከዶክትሬት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የ2 ዓመት ልምምድን ይጠይቃል።

መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ለአገራችን የትኛው ዘርፍ ይቅደም ብባል፣ ያለ ማመንታት ኒውሮሳይኮሎጂን እላለሁ፤ በእጃችን ያለው መመርመሪያ በሌላ ሕዝብ ልክ የተሰፋ ነውና። በውጭ አገር የመርሳት በሽታ የሚጠረጠርበት ሽማግሌ ክብ ሰዓት እንዲሥልና ዐሥራ አንድ ከዐሥር እንዲያደርገው ይታዘዛል። የእኛ ሽማግሌ ይህን ትእዛዝ ቢቀበል፣ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ ትንሹን አመልካች ወደ 11 ያዙረው ወይስ ወደ 5? መርማሪውስ የቱን ስሕተት ብሎ ይመዝግብበት? እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ ገበሬ ከሆነ ደግሞ የእጁ መንቀጥቀጥ የአንጎሉ ድካም ተብሎ ሊጻፍበት ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን የሚያስጠራውም ፈተና ያው ነው፤ «በ» ተብሎ የታዘዘ ሰው በግዕዙ ብቻ ይወሰን፣ ወይስ እስከ ሳብዑ ድረስ «ቡና»ንም «ቤት»ንም «ቦታ»ንም ይጨምር? አንዱ ሐኪም ቤት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ቢቆጥር የሁለቱ ውጤት አይመሳከርም።

እንግዲህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የጨነቀው ተማሪ፣ የታወቀ የፈረንጅ መጠይቅ ተርጉሞ ለዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ከሚያድል ይልቅ፣ ጤነኛው ገበሬና ጤነኛዋ ባልቴት፣ ፊደል የቆጠረውና ያልቆጠረው፣ በየዕድሜያቸው ስንት ቃል እንደሚጠሩ ለክቶ ቢያስቀምጥ፣ ነገ በስትሮክ አንደበቱ የተሳሰረውን ሰው የሚመረምር ባልደረባው የሚያነጻጽርበት ልክ ያገኛል። መምህራኑም እንዲህ ያለውን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ «አዲስ ግኝት የለበትም» ብለው ባይመልሱት መልካም ነው።