ከዓይን የተሰወሩ የውኃ እንስሳት አመጋገብ

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሰነቴ አምባ የወጣ መንገደኛ፥ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተበተኑ ትናንሽ ኩሬዎችን ያያል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዝናም ሲያቋርጥ ይደርቃሉ፤ በበጋ ሌሊትም ፊታቸው በረዶ ይጋግራል። ውኃቸው ለተመልካች ባዶ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ካለ ኩሬ የተቀዳች ጠብታ በማይክሮስኮፕ ስትመረመር ማዕድ የማይነሣበት ቤት ሆና ትገኛለች።

ፓራሚሲየም የተባለው ፍጥረት ሁለመናው አንዲት ሕዋስ ብቻ ናት፤ ሆድም አንጀትም የለውም። ሊቃውንት ዛሬ እንዲህ ያሉትን ከእንስሳት ለይተው ይቈጥሯቸዋል፤ እኛ ግን ነገራችን ስለ አበላል ነውና አብረን እንመልከታቸው። ገላውን የሸፈኑት ጥቃቅን ፀጕሮች ውኃውን እየቀዘፉ ባክቴሪያዎችን ወደ አፉ ያደርሱለታል። በዚያም ምግቡ በትንሽ ከረጢት ተጠቅልሎ በገላው ውስጥ ይዞራል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አስቀድሞ እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል፤ ኋላም ኮምጣጣነቱ ለዝቦ የመፍጨት ሥራው ይፈጸማል። ያልተፈጨው ትራፊ የሚወጣበትም ቦታ የታወቀ ነው።

ሮቲፈር ግን፥ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባይበልጥም፥ ሙሉ አካል ያለው እንስሳ ነው። በራሱ ላይ ያሉት ፀጕሮች ሲርገበገቡ የሚሽከረከር መንኰራኵር ይመስላሉ፤ ምግብን ስበው የሚያመጡለት እነርሱ ናቸው። ወፍጮው በጉሮሮው ውስጥ ነው። ገላው ብርሃን ስለሚያሳልፍ፥ ሕያው ሳለ ወፍጮው ሲፈጭ ይታያል፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር በማይክሮስኮፕ ሥር አይገኝም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከሮቲፈር ወገን አንዳንዱ ኩሬው ሲደርቅ አብሮ ደርቆ ይቈይና ዝናም ሲመለስ ነፍስ ዘርቶ መብላቱን ይቀጥላል። የውኃ ቁንጫ የሚሏት ዳፍንያ ደግሞ በእግሮቿ ፀጕር እንደ ወንፊት ውኃውን እያጠለለች አረንጓዴውን አልጌ ትበላለች፤ አንጀቷም ከውጭ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

እነዚህ ሁሉ ለሰው ጕዳት የላቸውም። ወላጆች ሊያውቁት የሚገባው ግን ማዕዱን በእኛ አንጀት ውስጥ የሚዘረጋው ጃርዲያ ነው። ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1681 ከገዛ ዓይነ ምድሩ ውስጥ አየው። ጃርዲያ አፍ የለውም፤ በሆዱ በኩል ባለው ክብ መምጠጫ በቀጭኑ አንጀት ግድግዳ ላይ ይጣበቅና እኛ የፈጨነውን ምግብ በገላው ሁሉ ይጠጣል። ሕፃኑም በተቅማጥና በሆድ መነፋት እየታመመ ሰውነቱ ይከሳል።

በባሌ ደጋ የተራራ ውኃ ስለ ቀዘቀዘ ንጹሕ ይመስላል። ሆኖም ሰውም ከብትም በሚውልበት ወንዝ፥ የጎባው ቶጎናም ሆነ የሮቤው ሻያ፥ ብርዱ አያጠራውም፤ እንዲያውም ጃርዲያ በጠንካራ ሽፋኑ ተጠቅልሎ ከሞቀ ውኃ ይልቅ በቀዝቃዛ ውኃ ረጅም ጊዜ ይቈያል። በነጠላ ማጥለልም ዳፍንያን ይይዝ ይሆናል እንጂ፥ ስፋቱ የሚሊ ሜትር መቶኛ ያህል ብቻ የሆነውን ጃርዲያን አያስቀርም። የሚገድለው ማፍላት ነው። በጎባ ከፍታ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ «ይህ ይበቃልን?» የሚሉ አሉ። ይበቃል፤ ነገር ግን መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ በእሳቱ ላይ ይቈይ፤ ከወረደም በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ።