«ያመክናል» የተባለው ክትባት፦ ካኖ ላይ የተጀመረው ወሬ ማንን ጎዳ?

የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለልጃገረዶች በሚሰጥበት ወቅት አንድ ወሬ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ይዘዋወራል። ክትባቱ የሙስሊም ሴት ልጆችን ለማምከን የመጣ ነው ይላል። ብዙ ወላጆች መልእክቱን የሚያጋሩት ለክፋት ሳይሆን ለልጆቻቸው ሰግተው ነው። ወሬው ግን አዲስ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት በሌላ ክትባት ስም ተነግሮ፣ ዳፋው እኛ አገር ድረስ ደርሷል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ፣ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት የካኖ ግዛት፣ የፖሊዮ ጠብታ ሴቶችን ያመክናል የሚል ወሬ ተሰራጨ። ከተናጋሪዎቹ መካከል በሙያቸው ሐኪም የሆኑ ሰው ጭምር ነበሩበት። ግዛቱ ክትባቱን አቋረጠ፤ እስከ 2004 አጋማሽ ድረስም አልቀጠለም።

የካኖ ሰው ጥርጣሬ ከምንም የተነሣ አልነበረም። በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ከተማዋን ባጠቃ ጊዜ ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ200 ሕፃናት ላይ የመድኃኒት ሙከራ አድርጎ ነበር። አሥራ አንዱ ሞቱ። ወላጆች ፈቃዳችን በአግባቡ አልተጠየቀም ብለው ከሰሱ፤ ኩባንያው ጥፋቱን ባያምንም በ2009 ከግዛቱ ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። እንዲህ ያየ ሰው ከውጭ የመጣ መድኃኒት ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ነገር ግን ጥርጣሬ ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለም። መልሱ የሚገኘው በምርመራ ነው። የሃይማኖት መሪዎች ያሉበት ቡድን ክትባቱን ለማስመርመር ወደ ውጭ አገር ተላከ። በመጨረሻም ካኖ፣ ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም ከሆነችው ኢንዶኔዥያ የመጣ ክትባት ተቀብላ ዘመቻውን ቀጠለች።

ቫይረሱ ግን እስከዚያ አልጠበቀም። ከሰሜን ናይጄሪያ የተነሣው ዝርያ ድንበር እየተሻገረ ሃያ ያህል አገሮች ደረሰ። ይህን ያረጋገጠው ከታመሙት ሕፃናት የተወሰደው ቫይረስ የዘረመል ምርመራ ነው። ከ2001 ጀምሮ ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያ በ2004 መጨረሻ በሱዳን በኩል ዳግም ተያዘች። በ2005 በየመን ከ400 በላይ፣ በዚያችው ክትባቱን በላከችው ኢንዶኔዥያ ደግሞ 300 ያህል ሕፃናት በፖሊዮ ታመሙ። ሳዑዲ ዐረቢያም በሽታው ካለባቸው አገሮች ለሚመጡ ሑጃጅ ክትባትን ግዴታ አደረገች። ልብ እንበል፦ ሙስሊሞችን ከተንኮል ያድናል የተባለው ወሬ ብዙ የሙስሊም ልጆችን ለሽባነት ዳረገ።

ወደ ዛሬው ወሬ እንመለስ። በኢትዮጵያ ከ2018 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት የሚይዘው የቫይረሱን የውጭ ሽፋን የሚመስል ፕሮቲን ነው። ሕያው ቫይረስ የለበትም፤ የመውለድ ሆርሞንም የለበትም። በስዊድን 1.7 ሚሊዮን ያህል ልጃገረዶችና ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ከ17 ዓመታቸው በፊት የተከተቡት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተከተቡት በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። በአንጻሩ የመውለድን ተስፋ የሚነጥቀው በሽታው ራሱ ነው፤ ካንሰሩ ሲጸና ሕክምናው ብዙ ጊዜ ማኅፀንን እስከ ማውጣት ይደርሳልና።

ታዲያ የሕክምና ወሬ ሲደርሰን ምን እናድርግ? መጀመሪያ፣ ተናጋሪው ማን ነው? «አንድ ፕሮፌሰር» ማለት ስም አይደለም፤ የካኖው ጉዳይ እንዳሳየው የሐኪም ማዕረግም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቀጥሎ፣ የተባለው ነገር በሰዎች ላይ ተፈትኗል? ስንት ሰዎች ላይ? ከወሰዱት ጋር ያልወሰዱትስ ተነጻጽረዋል? አንድ ሴት ተከትባ መውለድ ቢያቅታት፣ ሳይከተቡም መውለድ ያልቻሉ ብዙ አሉና ያ ብቻውን ምንም አያስረዳም። በመጨረሻም፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሲሞክሩት ያንኑ ውጤት አገኙ?

ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ዘገባ ከመቀበላቸው በፊት የዘጋቢዎቹን ሰንሰለት አንድ በአንድ ሲመረምሩ ኖረዋል። ሱረቱል ሑጁራትም ወሬ ሲመጣብን ሳናውቅ ሰዎችን እንዳንጎዳና በኋላ እንዳንጸጸት እንድናጣራ ታዘናለች። ለሃይማኖታችን ዘገባ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ለልጆቻችን ጤና የምንሰማውን ያለ ማጣራት ማስተላለፍ አይገባንም።

የመስጂድ ኢማሞችና ዱዓት እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በየጀመዓው ያሉትን የጤና ባለሙያዎች ጋብዘው ሕዝቡ ፊት ለፊት እንዲጠይቅ ቢያደርጉ፣ የሚጠራጠርም ሳይሰደብ መልስ ቢያገኝ፣ ወሬው ቦታ ያጣል። ወላጅም መልእክቱን ከማጋራቱ በፊት በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። አላህ ልጆቻችንን ከበሽታም ከሐሰተኛ ወሬም ይጠብቅልን።