ከቤይሩት የተደወለ ስልክ ለምን በ09 ይገባል?

ወገኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እህትህ ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ስትደውል ስልክህ ላይ የማታውቀው የሀገር ውስጥ 09 ቁጥር ወጥቶ አያውቅም? «ኔትወርኩ ነው» ብለህ አልፈኸዋል አይደል? ኔትወርኩ አይደለም። ሌብነት ነው!

ሲም ቦክስ ይባላል። ከውጭ የተደወለው ጥሪ በኢንተርኔት ተሻግሮ እዚሁ አንድ ቤት ውስጥ የተደበቀ ማሽን ላይ ያርፋል። ማሽኑ ላይ የተደረደሩት ሲሞች ጥሪውን የሀገር ውስጥ አስመስለው ወዳንተ ይልኩታል። እህትህ የላቧን ከፍላለች፤ ለሀገር መግባት የነበረበት የውጭ ምንዛሪ ግን መሀል መንገድ ላይ ቀረ።

ሲሙስ የማን ነው? እዚህ ላይ እኛም እንጠየቃለን። ለጥቂት ብር ብሎ በገዛ መታወቂያው ሲም አውጥቶ የሚሸጠው የሰፈራችን ልጅ ነው። ሥራ ማጣት ያማል፣ አውቃለሁ። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ግን ስም አይሸጥም! በአዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮሙን መሠረተ ልማት አልፎ አገልግሎት መስጠት ከባድ እስራት ያስከትላል። ፖሊስ ሲመጣ ደግሞ ሲሙ ላይ የሚያገኘው ያንተን ስም እንጂ የማሽኑን ባለቤት አይደለም።

«ሕጉ ካለ በቃ» የሚል አይጠፋም። አይበቃም! ሕግ የሚደርሰው ከተሰረቀ በኋላ ነው። ባለፈው እናቴን «ከባንክ ነው» ብሎ የደወለ ሰው የሚስጥር ቁጥሯን ተቀብሎ የዕቁብ ብሯን ጠርጎ ወሰደው። ስልክ ባንክ በሆነበት ዘመን የደዋዩን ማንነት ማመን ካልቻልን ምን ቀረን?

ስለዚህ ኔትወርኩ ራሱ ይዘምን። ሮሚንግ ላይ ያለ ደንበኛ ሳይሆን ከውጭ መስመር በሀገር ውስጥ ቁጥር የሚገባ ጥሪ በር ላይ ይታገድ። ቀኑን ሙሉ የሚደውል፣ ማንም የማይደውልለት፣ ከአንድ አንቴና ሥር የማይንቀሳቀስ ሲም በሰዓታት ውስጥ ይለይ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎቿን የደዋይ ቁጥርን በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ አስገድዳለች። እኛም እንጠይቅ! ሠራተኛ ጠፋ እንዳትሉን ብቻ፤ ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥነው እዚህ አለን።

እስከዚያው ሲምህን አትሽጥ። በስምህ ስንት ሲም እንደወጣ አጣራ። የውጭ ጥሪ በ09 ከገባ ዝም አትበል፣ አመልክት። ይህን ደግሞ ሼር ከማድረግህ በፊት ለእናትህ አንብብላት።