ገንዘቡ የሚያልቀው በስንተኛው ወር ነው?

በአሜሪካ በሕመም ማስታገሻ ኪኒን፣ በሄሮይንና በፌንታኒል ሱስ የተያዙ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች የሚታከሙበት ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ሜዲኬድ በተባለው፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ በቆመው የመንግሥት የጤና መድን ነው። በአገሪቱ ከሚወለዱት 10 ሕፃናት የ4ቱን ያህል የወሊድ ወጪ የሚችለውም ይኸው መድን ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ቢሆንም፣ በጀት ተይዞለት ጊዜው የተዛባ ሥራ ምን እንደሚሆን ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ማስረዳት አያሻም፤ ዘር ከተዘራ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

በእርግዝናዋ ምክንያት በመድኑ የታቀፈች ሴት ለብዙ ዓመታት መብቷ የሚያበቃው ከወለደች ከ60 ቀን በኋላ ነበር። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣበት 80 ቀን እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመ የማሳቹሴትስ ግዛት ጥናት እንዳሳየው ግን፣ ዕፁን ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚደርሰው አደጋ እጅግ ዝቅ የሚለው በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ነው፤ የሚበረታውም ከወሊድ በኋላ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ማሳው ታርሶ፣ ዘሩ በቅሎ፣ አረሙ ሲነሣ ሠራተኛ እንደ ማሰናበት ያለ አሠራር ነበር።

በ2021 የወጣ ሕግ ግዛቶች ጊዜውን ወደ 12 ወር እንዲያራዝሙ ፈቀደ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ተቀበሉት።

ገንዘብ ብቻውን ግን ሴቲቱን ከሐኪም ዘንድ አያደርሳትም። ቴኔሲ ግዛት በ2014 ባወጣው ሕግ፣ በእርግዝናዋ ጊዜ አደንዛዥ ዕፅ የወሰደች እናት ሕፃኗ ከተጎዳ እንድትከሰስ አደረገ። ይህ ሴቶቹን ከምርመራ ያሸሻል የሚል ተቃውሞ ከሐኪሞች ተነሣ፤ ሕጉም በ2016 ሳይታደስ ቀረ። መንገዱም ሌላ ችግር ነው። ለሕክምናው የሚሰጠው ሜታዶን፣ በተለይ በመጀመሪያው ጊዜ፣ በየቀኑ ክሊኒክ ተገኝተው የሚወስዱት ነው፤ ክሊኒኮቹ የሚበዙት ደግሞ በከተማ ነው። ርቀቱ ያቃታት ነፍሰ ጡር መድኃኒቱን ብታቋርጥ ወደ ሱሷ መመለሷ ያሰጋል። ከገጠር ሆስፒታሎችም ከግማሽ የሚበልጡት የማዋለጃ አገልግሎት የላቸውም።

በ2025 የጸደቀው የበጀት ሕግ በ10 ዓመት ውስጥ ከሜዲኬድ በብዙ መቶ ቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ወጪ ይቀንሳል። ነፍሰ ጡሮችና አራሶች አዲስ ከተደነገገው የሥራ ግዴታ ነፃ ተደርገዋል። 12ቱ ወር ግን ለግዛቶቹ የተተወ ምርጫ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ፣ ካዝናው ሲሳሳ በቅድሚያ የሚነካው ይኸው እንዳይሆን እሰጋለሁ።