ሶዶ ለኬንያ መብራት ስትልክ ገሱባ ጭራሮ ትሸከማለች!

"አረንጓዴ ኢኮኖሚ" የሚሉትን ፈሊጥ ገሱባ ገበያ ላይ ቆሜ ሳስበው አሳቀኝ፤ አበሸቀኝም። ወላይታና ዳውሮ መካከል ኦሞን የገደበው ባለ 1,870 ሜጋ ዋቱ ጊቤ 3 በ2009 ተመረቀ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ከሶዶ የተነሳው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያን ያበራል። ይሸጥ፣ ዶላሩን አልጠላንም! ግን ጎበዝ፣ ገበያው ዳር ያገኘኋቸው እማማ ጀርባ ላይ የነበረው እኮ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነው። መብራቱስ ቢኖር ምጣዱን በምን ልግዛው አሉኝ።

የ2004ቱ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ከኃይል ማመንጫው እኩል በቅድሚያ ሥራነት ጽፎት ነበር። ለግድቡ ሪባን ተቆረጠለት። ምድጃውስ የት ገባ? አሁን ደግሞ እስከ 2050 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ሌላ ሰነድ አዘጋጅተዋል። እማማ እስከዚያ ጭስ ይጠጡ?