ከቃጠሎው ይልቅ ጥገናው፦ የናላንዳን ቅሪተ ሕንፃዎች እንዴት እናንብብ?

በሕንድ ቢሃር ክፍለ ግዛት የሚገኘው ጥንታዊው የናላንዳ የትምህርት ተቋም በአብዛኛው የሚታወሰው በፍጻሜው ነው። በ1200 ገደማ የባክቲያር ኻልጂ ሠራዊት ገዳማቱን እንዳቃጠለ፣ መነኮሳቱን እንደፈጀ፣ ቤተ መጻሕፍቱም ለወራት እንደነደደ በሰፊው ይተረካል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በእኔ እምነት ግን ከመሬት የወጡት ሕንፃዎች ከዚህ ትረካ ይልቅ ለሌላ ጥያቄ የተሻለ ምስክርነት ይሰጣሉ፤ ጥያቄውም ናላንዳ ደጋግሞ ሲጎዳ ደጋግሞ እንዴት ሊነሣ ቻለ፣ በመጨረሻስ ስለምን ሳይነሣ ቀረ የሚል ነው።

ተቋሙ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጉፕታ ነገሥታት ዘመን ተመሠረተ። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ የተማረው ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ ያየውን በዝርዝር ጽፏል፤ አሌክሳንደር ከኒንግሃምም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስፍራውን የለየው ይህንኑ ገለጻ ተከትሎ ነው። የሕንድ የአርኪዮሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ከ1915 እስከ 1937፣ በኋላም ከ1974 እስከ 1982 ባካሄዳቸው ቁፋሮዎች በጡብ የታነጹ 11 ገዳማትና 6 ቤተ መቅደሶች ተገልጠዋል። ዩኔስኮ በ2016 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ቦታ ስፋቱ 23 ሄክታር ነው። አብዛኞቹ ገዳማት በምሥራቅ፣ ቤተ መቅደሶቹ በምዕራብ ተሰልፈው በሰፊ ጎዳና ላይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። እያንዳንዱ ገዳም በአራት ማዕዘን ግቢ ዙሪያ የተደረደሩ የመነኮሳት ክፍሎችን የያዘ ነው። የደረጃዎቹ ቅሪት ከምድር ቤቱ በላይ ፎቅ እንደነበረ ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ከቅርጹ በላይ ትኩረት የሚሻው ንብርብሩ ነው። ሦስተኛው ቤተ መቅደስ ተብሎ በሚታወቀው ግዙፍ ሕንፃ ውስጥ ቁፋሮው ሰባት ተከታታይ የግንባታ ደረጃዎችን አሳይቷል። የመጀመሪያው ትንሽ ሕንፃ ነበር፤ ተከታዮቹ አሮጌውን በውስጣቸው እየቀበሩ በላዩ ላይ እየሰፉ ተሠሩ። በገዳማቱም ዘንድ አዲሱ ግድግዳ በአሮጌው ግድግዳ ላይ፣ አዲሱ ወለል በአሮጌው ወለል ላይ ተነባብሮ ይገኛል። እንዲህ ያለው ግንባታ በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም አይደለም፤ በትውልዶች መካከል ያልተቋረጠ ኃላፊነት መኖሩን ያስረዳል።

የጽሑፍ ማስረጃውም ይህንኑ ያጠናክራል። በመጀመሪያው ገዳም በ1921 የተገኘው የመዳብ ሰሌዳ የ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ደቫፓላ፣ የሱማትራው ገዥ ባላፑትራደቫ በናላንዳ ላሠራው ገዳም የአምስት መንደሮችን ገቢ እንደሰጠ ይገልጻል። ገቢው ለመነኮሳቱ ልብስ፣ ለሕሙማን መድኃኒትና ለመጻሕፍት ቅጂ እንዲውል ተደንግጓል፤ ሕንፃው ሲጎዳ ለሚጠገንበትም እንዲሁ። ጥገና ከመነሻው የበጀት ርእስ ነበር ማለት ነው። በቀዳማዊ ማሂፓላ 11ኛ የንግሥና ዓመት በበር መቃን ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ከቃጠሎ በኋላ የተደረገ ዕድሳትን ይመዘግባል። ይህ የሆነው ከባክቲያር ዘመቻ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ናላንዳ ከ1200 በፊትም ተቃጥሎ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ግን መልሶ የሚሠራው ነበረው።

ይህን ማለት የወረራውን ግፍ መካድ ወይም ማቃለል አይደለም። በአካባቢው ያሉ ገዳማት መጠቃታቸው የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን ዘወትር በማስረጃነት የሚጠቀሰው የታሪክ ጸሐፊው ሚንሃጅ፣ መነኮሳቱ የተገደሉበትን ስፍራ ናላንዳ ብሎ አይጠራውም፤ ብዙ ተመራማሪዎች ስፍራውን ጎረቤቱ ኦዳንታፑሪ እንደሆነ ይወስዱታል። በ1230ዎቹ ናላንዳን የጎበኘው ቲቤታዊው ዳርማስቫሚንም አብዛኞቹ ሕንፃዎች ተጎድተውና ሰው አልባ ሆነው ቢያገኛቸውም፣ ዕድሜው ከ90 ያለፈ ራሁላ ሽሪባድራ የተባለ መምህር 70 ያህል ተማሪዎችን ሲያስተምር አይቷል። ጉባኤው ተዳክሞ ነበር እንጂ ገና አልተበተነም። የጠፋው ጉባኤውን ይደግፍ የነበረው የነገሥታት ልግስናና የመንደሮች ገቢ ነበር። የፓላ ሥርወ መንግሥት ወድቋል፤ መሬቱም በሌሎች እጅ ገብቷል። ስለዚህ የናላንዳ ፍጻሜ ጥናት ከእሳቱ ባልተናነሰ የገቢ ምንጮቹን መድረቅ ሊመረምር ይገባል።

ይህ አነባበብ ለቅርስ ጥበቃም ቀጥተኛ አንድምታ አለው። በቁፋሮ የተገለጡት ግድግዳዎች ከዝናብና ከዕፅዋት እንዲጠበቁ በብዙ ቦታ በአዲስ ጡብ ተሸፍነዋል ወይም ከፍ ተደርገዋል። ሥራው አስፈላጊ ነው፤ ያለ እሱ ብዙው ክፍል በጠፋ ነበር። ሆኖም የጥንቱ ጡብ የት አብቅቶ የዘመናችን ጡብ የት እንደጀመረ ተመልካቹ መለየት ካልቻለ፣ የሕንፃው ዋነኛ ታሪክ የሆነው ንብርብር በራሱ በጥገናው ይሰወራል። ወጥና የተስተካከለ ግድግዳ ለጎብኚ ዓይን ቢያምርም ለተመራማሪ ግን ዝምተኛ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ ዕድሳት በቦታው ላይ በግልጽ ምልክት ሊለይ፣ መዝገቡም ለጥናት ክፍት ሊሆን ይገባል። በአንዳንድ የገዳማቱ ክፍሎች የተለያዩ ዘመናት ወለሎች ጎን ለጎን እንዲታዩ መተዋቸው መልካም አርአያ ነው።

የከሰሙ የትምህርት ተቋማትን ሕንፃ የምናጠና ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ማን መሠረተው፣ ማን አፈረሰው በሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ነው። ናላንዳ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ጥያቄ እንድንጨምር ያስገድደናል፤ ከምሥረታው እስከ ፍርሰቱ ባሉት ስምንት መቶ ዓመታት ጣሪያውን ማን፣ በምን ገንዘብ ይጠግነው ነበር?